የፓራሹት አጣፊዋ ቅዳሜዎች

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ለብዙ ሰው ያልነገርኩትን ልነግርሽ ነው። ሻይሽን ያዢና እግርሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ። ደግሞ መሃል ላይ «እና ከዛስ?» እያልሽ አታቋርጪኝ። ካቋረጥሽኝ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ አልጨርሰውም።

ትምህርት ስጨርስ ውጤቴ የትም የሚያስገባ አልነበረም። ይሄን ታውቂያለሽ፣ አልደብቅሽም። ቤት ቁጭ ብዬ ጣራ ስቆጥር አክስቴ «ነይ እጅሽ ስራ ይልመድ» ብላ የምትሰራበት ቦታ አስገባችኝ። አክስቴ ምን እንደምትሰራ ነግሬሽ አውቃለሁ? ፓራሹት ታጥፋለች። አትሳቂ! ለመዝናናት ብለው ከአራት ሺህ ሜትር ላይ ከአውሮፕላን የሚዘሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ዘለው ሲወርዱ ያንን ሁሉ ጨርቅና ገመድ እንደገና አጥፎ ቦርሳው ውስጥ የሚከት ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ያ ሰው አሁን እኔ ነኝ።

የምንሰራበት ክፍል ድሮ የአውሮፕላን ማደሪያ የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ ግራጫ ምንጣፎች ተነጥፈዋል፣ አንዱ የአክስቴ፣ አንዱ የኔ። ጨርቁን ትዘረጊዋለሽ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ታስተካክያለሽ፣ ታጥፊያለሽ፣ ከዛ አየሩ እንዲወጣ በጉልበትሽ ትንበረከኪበታለሽ። ስድስት ወር ሙሉ ተንበርክኬ ጉልበቴ የግመል ሆኗል። በመጨረሻ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ያለችው ትንሽ ካርድ ላይ ቀኑን ትጽፊና ትፈርሚያለሽ። «እኔ ነኝ ያጠፍኩት፣ አንድ ነገር ቢሆን ጠይቁኝ» ማለት ነው። አክስቴ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ነገር ነገረችኝ፦ ሳትቆጥሪ አትፈርሚ፣ እያለቀስሽ አታጥፊ። ሁለተኛው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ከምንጣፌ በላይ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ ዘላዮቹ ደመና እስኪገፈፍ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር። እነሱ እኔን አያዩኝም፣ እኔ ግን ሁሉን እሰማለሁ። የጥርስ ሐኪሙ አለ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ አፉ የማያርፍ። ጠበቃዋ አለች፣ ሁልጊዜ የምትከራከር። እና እሱ አለ። ገና የምህንድስና ተማሪ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ግን ሁሉም «ኢንጂነሩ» ነው የሚሉት።

«ነዳጅ እንደገና ሊጨምር ነው አሉ» ይላል የጥርስ ሐኪሙ። «አውሮፕላኑ ግማሽ መንገድ ላይ ሊያወርደን ነው።»

«አንተን ምን ቸገረህ? ስትወርድ እንደሆነ ነዳጅ አትጠቀምም» ትለዋለች ጠበቃዋ።

«እኔማ ስወርድ የምጠቀመው ጸሎት ነው። በሽተኞቼ እኔ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ታውቂያለሽ? የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት እኔም እንደዛው ነኝ። ቢያዩኝ አንጀታቸው ቅቤ ይጠጣ ነበር።»

ከዛ ወሬው ወደ ምርጫው ይዞራል። ምርጫ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፣ ወደኛ የሚያመጣው መንገድ ዳር ያለው ምሰሶ ሁሉ ላይ አንድ ሰውዬ በክራባት ፈገግ ብለው ተለጥፈዋል። የኢንጂነሩ አባት ናቸው።

«አባትህ መንገድ አሰራለሁ ይላሉ» አለው አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሙ። «እዚህ ስመጣ ግን ጥርሴ ሊወልቅ ነበር። ጥርስ ሲወልቅ ደግሞ እኔ አልሳሳትም።»

«ድምጽህን ስጣቸውና ይሰሩልሃል» አለች ጠበቃዋ።

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ግን በአፉ ብቻ። ከዛ ዘወር አለና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ተንበርክኬ፣ የገመድ ማሰሪያ ላስቲክ በጥርሴ ይዤ፣ ጸጉሬ ፊቴ ላይ ተበትኖ። አይኔን ልመልስ አልቻልኩም። ያን ቀን ገመዶቹን ሦስቴ ቆጠርኩና ሦስቴም ጠፋብኝ።

ካርዷ ላይ «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ማንም ምንም አይጽፍበትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሱን ስከፍት ግን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ቀስ ብሎ ነው የተከፈተው፣ እንደሚያዛጋ ሰው።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ከዛ ከስሩ ጻፍኩ፦ «የሚያዛጋው የደከመው ነው። ዛሬ አስራ ዘጠኝ አጥፌአለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። በየዝላዩ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ፊት ለፊት ስንገናኝ «ሰላም»፣ «ሰላም»፣ በቃ። እሱ ዘላይ፣ እኔ አጣፊ። እሱ መኪናውን ዛፍ ጥላ ስር ያቆማል፣ እኔና አክስቴ በሁለት አውቶቡስ ነው የምንመጣው። ካርዷ ላይ ግን እኩል ነበርን። አንድ ቀን እንዲህ ጻፈልኝ፦ «ከላይ ሆኜ ጣራችሁን አየሁት። በአንቺ በኩል አንድ ቆርቆሮ ተነስቷል። ዝናብ ሳይመጣ ይመታ፣ እንዳይፈስብሽ።» በሳምንቱ ሁለት ሰራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው መቱት። ሌላዋን በአበባ ይይዟታል፣ እኔን በቆርቆሮ ያዘኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ላይ ጸጥ ይላል፣ ብትሰሚው» አለኝ። «ጸጥታማ እዚህም ሞልቷል፣ ሁላችሁም ስትወጡ» ብዬ መለስኩ። እውነቴን ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ወሬው፣ ሳቁ፣ ክርክሩ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አግዳሚው ላይ የሻይ ብርጭቆዎች ብቻ ይቀራሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ አንጋጥጬ ትንንሽ ነጥቦች እፈልጋለሁ። የትኛው እሱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፣ እንዳይቀርብኝ ብዬ።

ካርዷ ስትሞላ ፋይል ውስጥ መግባት ነበረባት። እሱ ግን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይሄድ ነበር። ይሄ ነገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጣጣ እንደሚያመጣ ማን ነገረኝ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እዚህ ቦታ አንድ ልማድ አለ። ዘላይ ቦርሳውን በሰው እጅ አይልክም፣ ራሱ አምጥቶ በሚፈልገው አጣፊ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። «አንቺን አምኛለሁ» ማለት ነው። አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። እኔም ጫፉን ጠርጌ፣ ጸጉሬን አስይዤ እየጠበቅኩት ነበር። አጠገቤ አለፈ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጥግ ላይ ማንም የማይሰራበትን አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋና ራሱ ማጠፍ ጀመረ።

ራሱ!

አንቺ ስታጥፊለት የኖርሽው ሰው በድንገት ራሱ ሲያጥፍ እዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እጅሽን አላምንም ማለት ነው። አክስቴ ስራዋን አቁማ አየችኝ። ከውጪ የጥርስ ሐኪሙ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ሊል ጀምሮ ዋጠው። እሱ ዝም ሲል አስቢው እንግዲህ። ፊቴ በእሳት የተያዘ መሰለኝ። ምን አጠፋሁ? የትኛውን ገመድ አዛነፍኩ? ወይስ አንዷ ከፎቅ የወረደች ሳቅ ብላ «የጨርቅ አጣፊዋን ነው?» አለችው? ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጨርቅ ሳጥፍ እጄ የኔ አልመስል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወጡ። እኔም እንደልማዴ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ጨርቅ ተከፈተ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ሰማያዊ ነበር፣ የሱ። ተከፈተና መዞር ጀመረ። መዞር ስልሽ እንደ እንዝርት! ከስሩ ሰውየው ተወርውሮ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል። አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቁረጠው» አለች ቀስ ብላ፣ ይሰማት ይመስል። «ቁረጠው ልጄ፣ ቁረጠው።» ዋናው ጨርቅ ሲበላሽ ዘላዩ ከላዩ ቆርጦ ይጥለውና መጠባበቂያውን ይከፍታል።

ቆረጠው። ሰማያዊው ጨርቅ ብቻውን እንደ ላስቲክ ከረጢት በነፋስ ሄደ፣ እሱ ደግሞ እንደ ድንጋይ ወረደ። ያቺን ጊዜ ልነግርሽ አልችልም፤ አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር እንኳ የምታንስ ናት። ከዛ ነጩ መጠባበቂያ ተከፈተ። እሱን ያጠፈችው አክስቴ ነበረች። ክንዴን ስትለቀው የጣቶቿ ምልክት ቀርቶ ነበር።

የተቆረጠውን ጨርቅ ፈልጎ ማምጣት የአጣፊ ስራ ነው። ሮጥኩ። የታረሰ ማሳ ውስጥ፣ ጫማዬ አፈር ጠጥቶ፣ ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ገመዶቹን ስፈታ ጥፋቱን አየሁት፤ የግራውን የፍሬን ገመድ፣ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን፣ ቦታው ሳያስገባ ነው ያጠፈው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማልስተውን! ቀና ስል እሱ በማሳው መሃል እያነከሰ እየመጣ ነው። ጉንጩ ተልጧል።

«ተጎዳህ?» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «እጄ ምን አደረገህ?» ነው።

«ምንም።»

«ታዲያ በሰው ፊት ለምን አዋረድከኝ? ሞት ይሻለኛል ከሷ እጅ ብለህ ነው?»

«እንደሱ አትበይ...»

«ምን ልበል ታዲያ? ንገረኝና ልበል!»

አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ደበቃቸው።

«አባቴ ካርዶቹን አገኛቸው» አለኝ። «አነበባቸው። ከዛ ስምሽን አየ። ‘ይቺ ናት ነፍስህን የያዘችው? አንድ ነገር ብትሆን መጀመሪያ የማሳስራት እሷን ነው’ አለኝ። ይችላል እኮ። አታውቂውም፣ ይችላል። ለዛ ነው ስምሽ ካርዱ ላይ እንዳይኖር የፈለግኩት። ብሞት እንኳ አንቺን የሚጠይቅሽ እንዳይኖር።»

የኔ ቆንጆ፣ ሌላዋ ብትሆን እዛው አፈር ላይ እቅፉ ውስጥ ትወድቅ ነበር። እኔም ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ግን ከፍቅሩ ስር ሌላ ነገር ደግሞ እንደ ምጣድ ጋለ።

«እኔ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም» አልኩት። «ከዛ በር ሆኜ ማየት ነው የኔ ስራ። ስሜ ግን ስልሳ ሁለት ጊዜ ሰማይ ወጥቷል፣ ባንተ ጀርባ። ቆጥሬአለሁ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱን ነው የፋቅከው፣ ሳትጠይቀኝ።»

«አንቺን ላድንሽ ብዬ ነው።»

«እኔ አድነኝ አልኩህ? እመነኝ ነው ያልኩህ!»

ነፋሱ ጨርቁን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገላል። ከዛ ልመልሰው የማልችለውን ተናገርኩ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦርሳህን ራስህ አምጥተህ ምንጣፌ ላይ አስቀምጥ። ሐኪሙም ይይ፣ አባትህም ይስሙ። እታሰር እንደሆነ እኔ ልፍራው፣ አንተ አትፍራልኝ። ካልቻልክ ግን በጓሮ በር፣ በድብቅ፣ እንደሱ አይነቱን አልችልም።»

«እሺ» አለ።

እሺ ሲል ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር፣ ምሰሶዎቹ ባሉበት በኩል። ጨርቁን ተሸክሜ ስመለስ ክብደቱ የሰው ያህል ሆነብኝ።

ያቺ ሳምንት ሳምንት አልነበረችም። ቤት ውስጥ አክስቴ ታወራኛለች፣ ድምጿ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስለኛል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ትከሻዬን እየገፋኝ ብቻዬን ነኝ። የወንበር ጓደኛዬን አስታወስሻት? በትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አንድ ወንበር የተቀመጥን፣ አሁን ሌላ ከተማ ነርስነት የምትማረው። ለሷ ብቻ ሁሉንም በስልክ ጻፍኩላት። ተረኛ ስለሆነች የምትመልሰው በማግስቱ ነው፣ እሱም «ቆይ ታካሚ ጠራኝ» የሚል።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ደመና እንኳ አላዘነልኝም። ምንጣፌን ሁለቴ ጠረግኩት። መኪና ሲቆም ሰማሁ፤ በሩ ሲዘጋ ግን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነው የሰማሁት። ከአባቱ ጋር ነበር የመጣው።

ሰውየው ከፎቶው ያጥራሉ፣ ድምጻቸው ግን ለስላሳ ነው። አግዳሚው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጨበጡ። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ስለመንገዱ ትንፍሽ አላለም። ከዛ ወደ ውስጥ ገቡና ቀጥ ብለው ወደ አክስቴ ሄዱ።

«የልጄን ነፍስ ያተረፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ስራዬ ነው» አለች አክስቴ ሳትነሳ፣ እንደተንበረከከች።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የሱን እርስዎ ብቻ ያጥፉለት። በሌላ እጅ እንዳይነካ።»

ኢንጂነሩ ከኋላቸው ቆሟል፣ ቦርሳውን እንደ ህጻን ልጅ ታቅፎ። አክስቴ እጇን ጠራረገች።

«እኔ ለሱ የማጥፈው መጠባበቂያውን ነው፣ ጌታዬ። ዋናውን የምታጥፈው እሷ ናት» ብላ ወደኔ ጠቆመች። «እኔ አስተማርኳት፣ አሁን እጇ ከኔ ይበልጣል። ባለፈው እሷ አጥፋለት ቢሆን ኖሮ እኔ ባላስፈለግኩ።»

አባትየው ዘወር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ያ ነው ያመመኝ። እንደ አንድ ዕቃ፣ የት እንደሚቀመጥ እንደሚያስቡለት አይነት ነው ያዩኝ። በመስኮቱ በኩል እነዛ ለፍላፊዎች ሁሉ አንገታቸውን አስግገዋል።

እሱ አንድ እርምጃ ወደኔ ተራመደ። ሁለተኛውንም። ጎንበስ አለ፤ የቦርሳው ማሰሪያ የምንጣፌን ጫፍ ነካ። ዓይኖቻችን ተገናኙ፣ እና በህይወቴ እንደዛ ታይቼ አላውቅም። ‘በቃ’ አልኩ በልቤ። ‘መጣልኝ።’

«ልጄ» አሉት አባቱ። ያቺን ብቻ። ጮክ እንኳ አላሉም።

ማሰሪያውን ሰበሰበው። ቀና አለ። ለአክስቴም አልሰጣት፣ ለኔም። ቦርሳውን እንዳቀፈ ወጣ። አባቱ «ደህና ዋሉ» ብለው ተከተሉት። መኪናው ሲነሳ እጆቼ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ነበር፣ የሚቀበሉት ነገር ሳይኖር።

ከዛ የጥርስ ሐኪሙ እያለከለከ ገባና ያንን ከባድ ቦርሳውን ምንጣፌ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። እሱ ሁልጊዜ የአክስቴ ነበር።

«ለኔ ቀስ ብሎ እንዲከፈት አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። «አርጅቻለሁ፣ ወገቤ አይችልም።»

ከኋላው ጠበቃዋ የራሷን ይዛ ተሰልፋ ነበር። «እኔ አላረጀሁም፣ ግን እሱን ካጠፍሽ በኋላ የኔ ነው» አለች።

አክስቴ ዓይኔን ፈልጋ አየች፤ እያለቀስኩ እንደሆነ ልታጣራ ነው። አላለቀስኩም። ገመዶቹን ቆጠርኩ፣ አጠፍኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ፈረምኩ። አውሮፕላኑ ሁሉንም ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አንጋጠጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጥቦቹ መሃል አንዱም እሱ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት አወቅኩ። ሰማይ እንደዛ ባዶ ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ ሰባት ሰው እየወረደበት።

በአውቶቡስ ስንመለስ ሁሉንም ለወንበር ጓደኛዬ ጻፍኩላት። ማሰሪያው ምንጣፌን እንደነካ፣ ሁለት እርምጃ እንደመጣ፣ ለማንም ሳይሰጥ እንደወጣ። «ለሌላ እጅ አልሰጠውም እኮ፣ ይሄ ምን ማለት ይመስልሻል? ልጠብቀው?» አልኳት። ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም መሰለኝ፣ ቤት ሳንደርስ መለሰችልኝ። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ማሰሪያው ነካ አልነካ እያልሽ እንዳታድሪ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ይወድሻልም፣ ግን ይሄን ሁሉ ስትጽፊልኝ ሦስት ገጽ ስለሱ፣ ሁለት መስመር ስላንቺ ነው። ነገ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ። እስከዛ እህል ቅመሺ፣ ጸጉርሽን ታጠቢ፣ ስመጣ ደግሞ አንቺ እንዴት እንደሆንሽ ትነግሪኛለሽ።»